የአቃቂዋ አፈላላጊ

እትዬ አስካለች ማረፋቸውን የሰማሁት ስብሰባ ላይ ሳለሁ ነው። አብረን ከሠራንበት ጤና ጣቢያ ነርስ ከሲስተር ሂሩት የመጣው የስልክ መልእክት አጭር ነበር፦ «እትዬ አስካለች ዐርፈዋል። ቀብር ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት።» መድረኩ ላይ የነበረው ሰው ስለ መረጃ ጥራት እየተናገረ ነበር። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥሁት፤ ንግግሩን እስከ መጨረሻው አዳመጥሁ፤ ከዚያ ይቅርታ ሳልጠይቅ ወጣሁ። ሙያዬ ከሰጠኝ ጥቂት ነገሮች አንዱ ያለ ይቅርታ መውጣት መቻል ነው።

የማመሰግናቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ቆጥሬ ነው። ካስተማሩኝ ሰዎች ብዙዎቹ የሰጡኝን ያህል ወስደውብኛል። ዶክትሬቴን ይዤ ከውጭ ስመለስ የተቀበሉኝ ባልደረቦቼም የፈለጉኝ ስሜን ከስማቸው በታች ለመጻፍ ነበር። እትዬ አስካለች ግን ምንም ሳይወስዱብኝ ሰጡኝ። የሰጡኝን ነገር በጊዜው አልፈለግሁትም፤ እንዲያውም በደብዳቤ ከልክያቸዋለሁ።

የተዋወቅነው አቃቂ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የማሕፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ጥናት ስንጀምር ነው። ጥናቱ ውስብስብ አልነበረም። ለማንኛውም ጉዳይ ወደ ጤና ጣቢያው የመጣች፣ ዕድሜዋም ለምርመራው የሚሆን ሴት ፈቃደኛ ከሆነች፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና በትንሽ ብሩሽ ናሙናውን ራሷ ትወስዳለች። ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ ከተገኘባት ተጠርታ ትታያለች፤ የተለወጠ ነገር ካለም ካንሰር ሳይሆን ይታከማል። ልናውቅ የፈለግነው፣ የተጠራችው ሴት መመለስ አለመመለሷን ነበር። ስለዚህ ያልተመለሱትን ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚጠራ ሰው አስፈለገን። በሰነዱ ላይ የሥራው መጠሪያ «አፈላላጊ» ይላል።

ጤና ጣቢያው እትዬ አስካለችን አቀረበልን። ስልሳን የተሻገሩ፣ አጭር፣ ሲራመዱ ግራ ትከሻቸው የሚቀድም ሴት ነበሩ። አባታቸው ያርሱት የነበረው ማሳ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል፤ እሳቸው ደግሞ ከልጅነት እስከ ጡረታ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ሠርተዋል። ከማሽን ጩኸት ጋር ስለኖሩ ድምፃቸው ከፍ ያለ ነበር። ምስጢር ሲሆን ግን ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ፈትል ክፍል ውስጥ ሠራተኞቹ በማሽኖቹ መሀል እንዲህ ይነጋገሩ እንደነበር ነግረውኛል።

«የአካባቢውን ሰው ያውቁታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ገሚሱን አዋልጃለሁ፣ ገሚሱን ቀብሬያለሁ። ከቀረው ጋር ደግሞ ተጣልቻለሁ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉ።

በቢሮዬ ማንም «አንቺ» አይለኝም። «የጥናቱ ኃላፊ ነኝ» አልሁ።

«እሱማ በር ላይ ለጥፈሽዋል። እኔ የጠየቅኩሽ ሰፈርሽን ነው።»

ሰፈሬን አልነገርኋቸውም። ባልነግራቸውም በሳምንቱ ደርሰውበታል።

የፈቃደኝነት ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ሦስት ገጽ ነበር። ነርሷ ስታነብ ሴቶቹ ዝም ብለው ይሰማሉ፤ ስታበቃ «እስቲ ከባለቤቴ ጋር ልማከር» ብለው ይሄዳሉ። ተመልሰው አይመጡም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ እትዬ አስካለች ቅጹን ከሲስተር ሂሩት እጅ ተቀብለው አግዳሚው ላይ በሴቶቹ መሀል ተቀመጡ።

«ስሙኝማ» አሉ። «ወረቀቱ የሚለው እንዲህ ነው። ከፈለግሽ ትገቢያለሽ፤ ካልፈለግሽ የመጣሽበትን ታክመሽ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ። የሚቆጣሽ የለም። ጀምረሽም መተው ትችያለሽ። ናሙናውን የምትወስጂው ራስሽ ነሽ። የሚያይሽ የለም፤ ይቺ ዶክተርም ብትሆን አታይሽም። ውጤትሽን ደግሞ ለባልሽም ለአማትሽም አንናገርም።»

«ብሩሹ ውስጥ ቢቀርስ?» አለች ሕፃን ያዘለች ወጣት።

«ይሄን የሚያህል ልጅ ያወጣሽ ሴት ብሩሽ ፈራሽ?»

አግዳሚው ሳቀ። ከጥግ የተቀመጠች ሌላ ሴት፣ «እርስዎ ራስዎ ተመርምረዋል?» ስትል ነካ አደረገቻቸው።

«እኔንማ ዕድሜሽ አልፏል አሉኝ። ፋብሪካው አንዴ ጡረታ አወጣኝ፤ እነዚህ ደግሞ ከወገብ በታች አወጡኝ።»

በር ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። በኋላ ቢሮ ጠርቼ፣ ቅጹ ቃል በቃል መነበብ እንዳለበት በጥብቅ ነገርኋቸው። «ይነበባላ» አሉኝ፤ «እኔ የምነግራቸው ከተነበበ በኋላ ይሆናል።» እንዳሉትም አደረጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲስተር ሂሩት ሦስቱን ገጽ ታነባለች፣ ሴቶቹ በትዕግሥት ይጠብቃሉ፣ ንባቡ ሲያበቃ ሁሉም አንገታቸውን ወደ እትዬ አስካለች ያዞራሉ። የሚናገሩትን ሁለት ጊዜ ከሰነዱ ጋር አስተያይቻለሁ። የጎደለ ነገር አላገኘሁም። እንዲገኝ ተስፋ አድርጌ እንደነበረ ግን አልክድም።

አፈላለጋቸውም የራሳቸው ነበር። አንዲትን ሴት «ከጤና ጣቢያ ነው የመጣሁት» ብሎ በጎረቤት መካከል መጠየቅ፣ ታምማለች ብሎ ማወጅ ነው። ስለዚህ እትዬ አስካለች ፌስታል ውስጥ ሳህን ይዘው ይሄዳሉ። ደረጃ ላይ ያገኙትን ሁሉ፣ «የእንትና ቤት የቱ ነው? ለድግስ ያዋሰችኝ ሳህን እኔ ጋ ቀርቶ ልመልስላት ነበር» ይላሉ። ሰው ሊወስድ የመጣን ይጠረጥራል፤ ሊመልስ የመጣችን አሮጊት ግን እጇን ይዞ በር ድረስ ያደርሳታል። የአካባቢው ነባር ሰው ካጋጠማቸው በኦሮምኛ ሰላም ይሉና ሳህኑን እንኳ ሳያወጡ ይነገራቸዋል።

«ሳህኑ የማን ነው?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«የኔ።»

«እንግዲያው ይዋሻሉ ማለት ነው።»

«አዎ» አሉ ሳያቅማሙ። «የሷ ገመና ከሚወጣ እኔ ብዋሽ ይሻላል።»

አሁን ወደ ስሕተቴ እመጣለሁ። ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት የመመዝገቢያ ቅጹን አሳይቻቸው ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች ካነበቡት በኋላ፣ «ጎረቤት ማን ብሎ ነው የሚጠራሽ የሚል የለበትም» አሉኝ።

«ስም አለ፤ የአባት ስም አለ፤ ስልክና የቤት ቁጥር አለ።»

«የካርድ ስም የሚያውቀው ካርድ ክፍል ብቻ ነው። ኮንዶሚኒየም ግቢ ቆመሽ አልማዝ ብትዪ ማን ይወጣልሻል? የናቲ እናት በይ፤ ሦስት ፎቅ ሙሉ መስኮት ይከፈትልሻል። ስልኩም የባሏ ነው፤ የቤት ቁጥሩም ኪራይ ነው፣ ነገ ትለቀዋለች።»

ሲስተር ሂሩት ጥያቄውን በረቂቁ ግርጌ በእጇ ጽፋ አስገባችው። እኔ ሰረዝሁት። በሌሎች አገሮች በተሠራበት መደበኛ መጠይቅ ውስጥ አልነበረም፤ መልሱ በቁጥር አይመደብም፤ ምስጢር መጠበቅንም ምክንያት አድርጌ ጠቅሻለሁ። ሦስቱም ምክንያቶች በወረቀት ላይ ያምራሉ። እውነተኛው ምክንያት አራተኛው ነበር፦ ስምንተኛ ክፍል የደረሱ ሴት የእኔን ቅጽ አረሙት።

ከወራት በኋላ የላቦራቶሪ ውጤት ከታሰበው ዘግይቶ መጣ። ከመካከሉ በካርዷ ብርቱካን የምትባል ሴት ውጤት ነበር። የተገኘባት ቫይረስ ይበልጥ አደገኛ ከሚባሉት ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ቶሎ መታየት ነበረባት። ስልኳ አይሠራም። ገላን ኮንዶሚኒየም በሰጠችን የቤት ቁጥር ሌላ ተከራይ ገብቷል። እትዬ አስካለች ሳህናቸውን ይዘው ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ ብርቱካን የምትባል ሴት የሚያውቅ ሰው በሕንፃው አልተገኘም። ልጅ እንዳላት መዝግበናል። የልጇን ስም አልጠየቅንም።

ሰነዱ ሦስት ሙከራ ይላል። ከሦስተኛው በኋላ ተሳታፊዋ «ያልተገኘች» በሚለው ሥር ትገባለች፤ የእሷም ጉዳይ ይዘጋል። እትዬ አስካለች ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ፤ ተቀመጡ ብላቸውም አልተቀመጡም።

«ልትዘጊው ነው?»

«ሰነዱ ሦስት ይላል፣ እትዬ አስካለች።»

«በሽታውስ ስንት ይላል?»

«መመለስ ያልፈለገች ሴት ልትሆን ትችላለች። ደጋግሞ መፈለግ መብቷን መጋፋት ነው።»

«እምቢ ለማለትም መጀመሪያ መስማት አለባት እኮ። ምኑን ሰምታ ነው እምቢ ያለችው?»

መልስ ሳይኖረኝ ሲቀር ደብዳቤ እጽፋለሁ። ከጥናቱ ሰነድ ውጭ ተሳታፊዎችን መፈለግ የተከለከለ መሆኑን፣ ይህን መተላለፍም ከሥራ እንደሚያሰናብት በአራት መስመር ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ማኅተም አስደርጌ ሰጠኋቸው። እትዬ አስካለች ደብዳቤውን ቆመው አነበቡት። አራት ላይ አጠፉትና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

«ጽሕፈትሽ ጥሩ ነው» አሉኝ፤ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን የነገረችኝ ሲስተር ሂሩት ናት። ብርቱካን ናሙና የሰጠች ዕለት አግዳሚው ላይ ከእትዬ አስካለች አጠገብ ተቀምጣ ነበር። መልኳን በደንብ አላስታወሱም። ያስታወሱት ከሻሿ ጠርዝ ሥር፣ ጠጉሯ መነሻ ላይ የተጣበቀውን ብናኝ ነው። ዕድሜያቸውን በፈትል መሀል ስለፈጁ ብናኝ ይለያሉ። የፋብሪካ ጥጥ ብናኝ ነጭ ነው። የእሷ ግን ቀይም፣ ሰማያዊም፣ ጥቁርም ነበረበት፤ አሮጌና ቁርጥራጭ ጨርቅ ተነድፎ ፍራሽና ትራስ በሚሞላበት ቤት የሚውል ሰው ላይ የሚቀመጥ ብናኝ ነው። እንዲህ ያሉ ቤቶች አቃቂ በሰቃ ውስጥ አሉ።

ደብዳቤውን በሰጠኋቸው ማግሥት፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ ባዶ የትራስ ልብስ ይዘው ወደ በሰቃ ወረዱ። በየቤቱ ገብተው ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ጥጡን ይዳብሳሉ፣ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ያያሉ፣ «እስቲ ሌላም ልይ» ብለው ይወጣሉ። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ አደረጉ። አንድ የስልጤ ልጅ የሆነ ባለሱቅ ከቀናት በኋላ አላስችል ብሎት፣ «እማማ፣ ለአንድ ትራስ ሰፈሩን ሁሉ ጨረሱት እኮ» ሲላቸው፣ «እራሴ ከባድ ነው ልጄ፤ እንዲሁ በማንም ላይ አላሳርፈውም» ብለውታል።

ሴትዮዋን ያገኟት በሰፈሩ ጫፍ ባለ ቆርቆሮ ቤት፣ መንደፊያ ማሽን ፊት ቆማ ጨርቅ ስታጎርስ ነው። አብረዋት የሚሠሩት የቤቲ እናት ይሏታል፤ ብርቱካን የሚላት የለም። ቤቱ በማሽን ጩኸት የተሞላ ነበር። እትዬ አስካለች ከማሽኑ ማዶ ቆመው፣ ያለ ድምፅ፣ በከንፈራቸው ብቻ «ጤና ጣቢያ» አሏት። አጠገቧ የቆመችው ልጅ እንኳ አላወቀችም። ብርቱካን ጨርቁን ለቀቀችው።

ውጭ ወጥተው ሲነጋገሩ እምቢ አለች። የቀን ሠራተኛ ናት፤ አንድ ቀን ከቀረች በቦታዋ ሌላ ሰው ይቆማል። ሕመምም አልተሰማትም። እትዬ አስካለች ይህን ጊዜ ነው በስሜ የተናገሩት። «የላከችኝ ዶክተሯ ናት» አሏት። «ይቺን ልጅ ሳያገኙ እንዳይመለሱ ብላኛለች። እኔ ነኝ እንጂ እሷ ብትሆን ፖሊስ ይዛ ነበር የምትመጣው።»

በማግሥቱ ጠዋት ጤና ጣቢያው ውስጥ ነበርሁ። ብርቱካን እጄን በሁለት እጇ ያዘች። ጠጉሯ መነሻ ላይ ብናኙ ነበረ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

«ዶክተር፣ እኔን ፍለጋ ይሄን ያህል ሰው አደከሙ አሉ። የማንም ያልሆንኩትን። እግዚአብሔር ያክብርልኝ» አለችኝ።

ከትከሻዋ በላይ ወደ እትዬ አስካለች ተመለከትሁ። እሳቸው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሰሌዳ ያነቡ ነበር። ለማረም አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። «ምንም አይደል» አልሁ።

ስትመረመር የተለወጠ ክፍል ተገኘባት። ወደ ሆስፒታል ላክናት፤ ተቆርጦ ወጣላት፤ ካንሰር አልሆነም ነበር። ምን ያህል ጊዜ እንደቀረው የሚናገር መሣሪያ የለም። መዝገቧን እስከ መጨረሻው ክትትል ድረስ ራሴ አንብቤዋለሁ፤ ድና ልጇን እያሳደገች ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ አስካለችን ቢሮ አስጠራኋቸው። «ለምን እኔ እንደላክሁዎት ነገሯት?»

«አስካለች ፈልጋሻለች ብላት፣ አስካለች ማናት? እንጀራዋን ጥላ ትመጣለች? ዶክተር ፈልጋሻለች ስላት ግን ሌሊቱን አልተኛችም።»

«የከለከልሁበት ደብዳቤ እጅዎ ላይ ነው።»

«አለ። ከፈለግሽ አባሪኝ፤ የሠራሁበትን ቀን ቁጠሪልኝ ብቻ፣ የትራሱን ጥጥ አዝዣለሁ።» ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ። «ያቺን ጥያቄ ግን መልሺያት ልጄ። እኔ ሁልጊዜ ብናኝ አላይም።»

አላባረርኋቸውም። ጥያቄውን ወደ ቅጹ መለስሁት። ለሥነ ምግባር ኮሚቴው በጻፍሁት ማብራሪያ ላይ ማሻሻያው «ከመስክ ልምድ የመነጨ» ነው አልሁ። የማን ልምድ እንደሆነ አልጻፍሁም። ከዚያ በኋላ የተፈለጉት ሴቶች አብዛኛዎቹ ተገኙ፤ ጥናቱ ታተመ፤ ጉባኤ ላይ ቆሜ ስለ ጥያቄው ተናገርሁ፤ ተጨበጨበልኝ። በጽሑፉ መጨረሻ «የመስክ ሠራተኞችን እናመሰግናለን» የሚል መስመር አለ። ሌሎች ስሜን ሲውጡ ስለኖሩ የተማረርሁት እኔ፣ ያን መስመር በገዛ እጄ ጻፍሁ።

ጥናቱ ካበቃ በኋላ እትዬ አስካለች በሁለት በሦስት ሳምንት አንዴ ይደውሉልኝ ነበር።

«አለሽ?»

«አለሁ።»

«በቃ» ብለው ይዘጋሉ። ሌላ ነገር አይጨምሩም። መጀመሪያ ያበሳጨኝ ነበር። በኋላ ስልኩ ሲዘገይ ቀን መቁጠር ጀመርሁ። እንዲህ የሚደውሉላቸው ሰዎች ስንት እንደነበሩ ያወቅሁት ቀብራቸው ላይ ነው፤ የማይተዋወቁ ሴቶች እርስ በርሳቸው «ለአንቺም ይደውሉ ነበር?» ይባባሉ ነበር።

ከቀብር መልስ ድንኳን ገባን። የእድሩ ሴቶች ያስተናግዳሉ፤ ከትልቁ ድስት አጠገብ ቆማ ወጥ የምታወጣው ብርቱካን ነበረች። ወፍራለች። ወገቧን በሻሽ አስራ፣ ሰልፉን በዓይኗ እየገሠጸች ትሠራለች። ተራዬ ደርሶ ስታየኝ አጠገቧ ላለችው ሴት፣ «እሳቸው እኮ ናቸው» አለች። «ያፈላለጉኝ ዶክተር። እትዬን የላኩልኝ።»

ያቺ ሴት ሳህን እንደያዘች ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችኝ።

«ብርቱካን» አልሁ፤ «እኔ አልላክኋቸውም።»

«እንዴት?»

«ፍለጋው ይቁም ብዬ ነበር። በደብዳቤ ከልክያቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ነው የመጡት።»

ጭልፋው ከድስቱ በላይ ቆመ። ወጡ ተመልሶ ወደ ድስቱ ተንጠባጠበ።

«ታዲያ ማን ላካቸው?»

«ማንም አልላካቸውም።»

ትኩር ብላ አየችኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ቁጣ ቢሆን እንዴት እንደምቀበለው አውቃለሁ። እሷ ግን እኔን እያየች አልነበረም። ጭልፋውን በድስቱ ከንፈር ላይ አጋድማ አስቀመጠች፤ እጇን በሻሹ ጠረገች፤ በሰዎቹ መሀል አልፋ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ሄደች። ቀኑን ሙሉ ስታስተናግድ ዕንባ ያልወጣት ሴት ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ፣ የአንድ ቤተሰብ ሰው እንደሚያለቅሰው ጮክ ብላ አለቀሰች።

ከኋላዬ ሰልፉ ይጠብቃል። ጭልፋውን አነሣሁ። ሳህናቸውን ለዘረጉልኝ ሽማግሌ፣ ለአንድ ሰው ስንት ጭልፋ እንደሚወጣ ጠየቅኋቸው።